«ተላጨ» ወይስ «ላጩት»? ከታሮት ካርታ እስከ ገዳም ደጃፍ

የአክስቴ ልጅ ታሮት የሚባለውን ነገር በስልኳ ላይ ካገኘች ወዲህ በየቀኑ አንድ ካርታ ይወጣላታል። ከካርታው ሥር ስለ ፍቅር፣ ስለ ሥራና ስለ ገንዘብ ሁለት ሦስት መስመር ይጻፍላታል፤ ቡና ላይ ስንቀመጥ ለሁላችንም እያዞረች ታሳየናለች። አንድ እሑድ የወጣላት አምስተኛው ካርታ ነበር። በዙፋን ላይ የተቀመጠ ሊቀ ካህናት፣ በእግሩ ሥር ደግሞ ጀርባቸውን ለእኛ ሰጥተው የተንበረከኩ ሁለት ሰዎች ይታያሉ። አያቴ እማሆይ ስልኩን ተቀብለው አንዴ ከዓይናቸው አራቅ፣ አንዴ ቀረብ አድርገው አዩትና፣ «እነዚህ ደግሞ ወንዶች ሆነው ሳዱላ የተላጩት ለምንድን ነው?» አሉ። ሥዕሉ የጥንቆላ ካርታ መሆኑን ሲሰሙ ስልኩን እንደ ፍም ወርውረው መለሱት። ጥያቄያቸው ግን እኔ ዘንድ ቀረ።

መጀመሪያ ስለ ካርታው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ታሮት ሲወለድ ጥንቆላ አልነበረም። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሰሜን ኢጣሊያ መኳንንት የሚዝናኑበት የካርታ ጨዋታ ነበር፤ ለሚላኖ መስፍኖች በ1450 ገደማ በወርቅ ቅብ ከተሠሩት ካርታዎች ብዙዎቹ ዛሬም በቤተ መዘክሮች ይገኛሉ። ሰው ዕድሉን በካርታዎቹ ማንበብ የለመደው ከ300 ዓመት ገደማ በኋላ ነው። በ1781 ኩር ደ ዤብላን የተባለ ፈረንሳዊ ጸሐፊ ካርታዎቹ ከጥንታዊት ግብፅ የተወረሱ ምሥጢራት ናቸው ብሎ አሳተመ። ማስረጃ አልነበረውም፤ ወሬው ግን ጣፋጭ ስለነበር ሥር ሰደደ። ዛሬ በየስልኩ የሚዞረው ሥዕል በአብዛኛው በ1909 ለንደን ውስጥ የታተመው ነው። ሐሳቡ የአርተር ኤድዋርድ ዌይት፣ ሥዕሉ የፓሜላ ኮልማን ስሚዝ ነው። ሠዓሊቷ ለዚያ ሁሉ ድካም የተከፈላት ጥቂት ገንዘብ እንደሆነ ለወዳጇ ጽፋ ነበር።

ስሚዝ ከሣለቻቸው 78 ካርታዎች በአብዛኞቹ የሰው ራስ በአንድ ነገር የተሸፈነ ነው፦ በዘውድ፣ በራስ ቁር፣ በባርኔጣ፣ በአበባ ጉንጉን ወይም በተለቀቀ ፀጉር። መሃል ራሱን ገልጦ የሚያሳየን ሰው ብርቅ ነው። የአምስተኛው ካርታ ሁለት መነኮሳት ከእነዚያ ጥቂቶች መካከል ናቸው። የአንደኛው ልብስ ጽጌረዳ፣ የሌላኛው ነጭ አበባ የተጠለፈበት ነው፤ በመካከላቸው ሁለት ቁልፎች ተመሳቅለው ተቀምጠዋል። ፊታቸው አይታይም። ማንነታቸውን የምንረዳው በመሃል ራሳቸው ላይ ካለው ክብ ነው። ከላይ የተቀመጠው ሊቀ ካህናት ባለ ሦስት ደረጃ የወርቅ አክሊል ደፍቷል። በላቲን ያ የተላጨ ክብ ራሱ «ኮሮና» ይባላል፤ አክሊል ማለት ነው። ስለዚህ በሥዕሉ ላይ ሦስት አክሊል አለ፤ አንዱ በወርቅ ተጨምሮ የተሠራ፣ ሁለቱ ፀጉር ተቀንሶ የተሠሩ። እኔ ይህን ካየሁ በኋላ ካርታውን በሌላ ዓይን ማየት አልቻልሁም።

በቀደሙት የፈረንሳይ ካርታዎች ላይ የዚህ ካርታ ስም በግልጽ «ፖፑ» ነው፤ ሁለቱ ባለ ክብ ራሶችም በእግሩ ሥር አሉ። የሮማውን ፖፕ በመጫወቻ ላይ ማየት ያልወደዱ አንዳንድ አታሚዎች በእርሱ ፋንታ ጁፒተርን ከነንሥሩ አስቀመጡ። ፖፑ ሲነሣ የተላጩት ራሶችም አብረው ተነሡ። ያለ ጌታቸው ትርጉም አልነበራቸውም።

የዚያ ክብ ታሪክ በጠብ የተሞላ ነው። በጥንቱ የምዕራብ ቤተ ክርስቲያን ካህንና መነኩሴ መሃል ራሱን ተላጭቶ ዙሪያውን እንደ እሾህ አክሊል ይተዋል፤ ይህ «የጴጥሮስ» ይባል ነበር። በምሥራቅ ጠቅላላውን መላጨት ወይም እስከ ሥሩ ማሳጠር «የጳውሎስ» ተባለ። የአየርላንድና የሰሜን ብሪታንያ መነኮሳት ደግሞ ከጆሮ እስከ ጆሮ ፊተኛውን ራሳቸውን ይላጩ ነበር፤ ተቃዋሚዎቻቸው ይህን የሲሞን መሠርይ አላጫጭ ነው ብለው ሰደቡት። በ664 በሰሜን እንግሊዝ ዊትቢ ላይ ጉባኤ ሲቀመጥ ዋናው ክርክር የፋሲካ ቀን ቢሆንም የፀጉሩም ነገር ቀላል ጠብ አልነበረም። ከሁሉ ይበልጥ የሚገርመኝ ግን የቴዎድሮስ ዘጠርሴስ ታሪክ ነው። ይህ የኪልቅያ ሰው በ668 ለእንግሊዝ፣ ለካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስነት ሲመረጥ 66 ዓመቱ ነበር፤ ራሱን የተላጨው እንደ ምሥራቁ ሥርዓት ስለነበር ሮም ላይ አራት ወር ጠበቀ። የጠበቀው ፀጉሩ እስኪያድግ ነው፤ አድጎ እንደገና በጴጥሮስ ክብ እንዲላጭ! እንግሊዛዊው መነኩሴ ቤዳ በ8ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ይህን ሲጽፍ አንድም አልሳቀም። የአንድ አገር ቤተ ክርስቲያን አራት ወር ፀጉር እስኪበቅል ጠበቀች።

ከዚያ ሁሉ በኋላ ደግሞ ነገሩ በጸጥታ አለቀ። በ1972 የሮማው ፖፕ ጳውሎስ 6ኛ ለካህናት የሚደረገውን የመላጨት ሥርዓት አስቀሩት። ዛሬ በብዛት የሚታተመው የዚያ ክብ ሥዕል ጥንቆላ ይባል በነበረው ካርታ ላይ ያለው ሳይሆን አይቀርም።

ወደ እማሆይ ጥያቄ ልመለስ። ሳዱላ መሃል ራሷን ተላጭታ ዙሪያው የተተወላት ልጃገረድ ናት፤ ቃሉ የአላጫጩም የዕድሜውም ስም ነው። ከዚያ በፊት ሕፃኑ ቁንጮ ይተውለታል፤ ቢሞት መላእክት ይዘው የሚያወጡት በእርሱ ነው እየተባለ። ጋሜ የሚባለውም አለ፤ እንደ አገሩና እንደ ቤተ ሰቡ ይለያያል። ሳዱላዋ ስታገባ መሃሉ እንዲያድግ ይተዋል፤ ሹሩባ ትሠራለች። ገበያ መሃል ከሩቅ ያያት ሰው ሽማግሌ መላክ ይቻል እንደሆነ ከራሷ ላይ ያነብባል፤ ጠይቆ ማፈር የለም።

እንግዲህ አንድ ዓይነት ክብ ነው። የካርታው መነኩሴ በክቡ አላገባም ይላል፤ የጎጃሟ ወይም የጎንደሯ ልጃገረድም በክቧ አላገባሁም ትላለች። እርሷ ግን «ገና» ናት፤ እርሱ «መቼም»። አንዱ ከሌላው ተበደረ የሚል ካለ አልከራከረውም፤ ለእኔ ግን ምላጭ በድቡልቡል ራስ ላይ ብዙ ምርጫ የለውም። ቅርጹ በሁለት አገር ሊገናኝ ይችላል፤ ትርጉሙን ግን ከቅርጹ ማንበብ አይቻልም።

ታዲያ ከየት ይነበባል? እዚህ ላይ አማርኛችን ራሱ ፍንጭ ይሰጣል። «ተላጨ» የሚለው ግሥ ተንኮለኛ ነው። ሰው ምላጭ አንሥቶ የገዛ ራሱን ሲላጭ «ተላጨ» እንላለን። አራት ሰው ይዞት በግድ ቢላጭም «ተላጨ» ቢባል ስሕተት አይደለም። ቃሉ ምላጩን ማን እንደያዘ አይነግረንም፤ «ላጩት» ካላልን በቀር ተደርጎበት ይሁን አድርጎት አይታወቅም። ስለ ተላጨ ራስ ምልክትነት የሚጻፈው አብዛኛው ነገር የሚሰናከለው በዚህ ይመስለኛል። «መላጨት ትሕትና ነው»፣ «መላጨት ዓለምን መተው ነው» ይባላል። የማን እጅ ነው የተወው?

በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዛሬዋ ፈረንሳይ የነገሡት የፍራንኮች ነገሥታት፣ የሜሮቪንግ ዘር፣ ፀጉር አይቆርጥም ነበር፤ ረጅም ፀጉር የንግሥና ምልክት ነው፤ የተላጨ ሰው አይነግሥም። ንጉሥ ክሎዶሜር ሲሞት ሦስት ልጆቹን አያታቸው ንግሥት ክሎቲልዳ ታሳድግ ነበር። አጎቶቻቸው ዙፋኑን ፈለጉትና ልጆቹን ወስደው ለንግሥቲቱ መቀስና የተመዘዘ ሰይፍ ላኩባት፤ ከሁለቱ ምረጪ አሏት። እርሷም በቁጣና በድንጋጤ፣ ካልነገሡ ተላጭተው ከማይ ሞተው ልያቸው አለች። የአሥርና የሰባት ዓመት ሁለቱ ልጆች ታረዱ። ሦስተኛው ክሎዶዋልድ አመለጠ፤ ካደገ በኋላም ፀጉሩን በገዛ እጁ ቆርጦ ካህን ሆነ። የዘመኑ ታሪክ ጸሐፊ የቱሩ ግሪጎሪ ይህን ሲመዘግብ «በገዛ እጁ» የምትለዋን ቃል አልረሳትም። በፓሪስ ዳርቻ ያለችው ሴንት ክሉ ከተማ የምትጠራው በዚሁ ሰው ስም ነው። መቀሱ ያው መቀስ፣ የሚወድቀውም ፀጉር ያው የነገሥታት ፀጉር ነው። አያቲቱ ከሞት ያስበለጠችው ውርደት ለልጅ ልጇ የቅድስና መንገድ ሆነው።

እማሆይ በሕይወታቸው ሦስት ጊዜ የራሳቸው ትርጉም ተለውጧል። የመጀመሪያው ሳዱላው ነው። ሁለተኛውን እኔም አይቻለሁ፤ ልጅ ነበርሁ። ወንድ አያቴ የተቀበሩ ዕለት ማታ ሴቶቹ እማሆይን (ያኔ እማማ ነበር የምንላቸው) በርጩማ ላይ አስቀመጧቸው። አንዲት ጎረቤት ሳሙና በሳሕን በጥብጣ መጣች፤ አዲስ ምላጭ ከወረቀቱ ተፈታ። ሹሩባቸው አስቀድሞ በመቀስ ወደቀ፤ ከዚያ ምላጩ ከግንባር ወደ ኋላ እየሄደ ነጩን ቆዳ አወጣው። ማንም አልተናገረም። እናቴ የወደቀውን ፀጉር አንድ ሳታስቀር በነጠላዋ ጫፍ ለቀመችው። ሲጨርሱ የማላውቃቸው ትንሽ ሴትዮ ነበሩ በርጩማው ላይ። ምላጩን የያዘችው ጎረቤቷ ትሁን እንጂ ያዘዙት እርሳቸው ነበሩ፤ «ዛሬውኑ» ነው ያሉት።

የሐዘን መላጨት በጣም የቆየ ነው። ኢዮብ የልጆቹን ሞት ሲሰማ መጐናጸፊያውን ቀደደ፣ ራሱንም ተላጨ፤ ነቢዩ ሚክያስ ኢየሩሳሌምን ስለ ልጆችሽ ራስሽን ላጪ ይላታል። ኦሪት ዘሌዋውያን ግን ካህናት ራሳቸውን እንዳይላጩ ይከለክላል። በግብፅ ደግሞ ነገሩ ግልብጥ ነው። የግሪኩ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ በጎበኛት ግብፅ ካህናቱ በየሁለት ቀኑ መላ ሰውነታቸውን ይላጩ ነበር፤ ሐዘን ሲደርስባቸው ግን ግብፃውያን ፀጉራቸውን ያሳድጋሉ። በሌላው አገር ሰው ለሐዘን ሲላጭ ግብፃዊው ለሐዘን ያጎፍራል ብሎ ጸሐፊው ተደንቋል። አዋቂ ነኝ የሚል የምልክት ተርጓሚ ሁሉ ይህችን አንቀጽ አጠገቡ ቢያስቀምጣት ብዙ ወሬ ይተርፈን ነበር።

እማሆይ ከዓመታት በኋላ ቆብ ደፉ። በእኛ ሥርዓት የሚመነኩስ ሰው በቁሙ ፍትሐት ይደረስለታል፤ ለዓለም ሞቷልና። ያኔ የወረደው ፀጉር ለባላቸው እንደወረደው በለቅሶ አይደለም፤ ወይም የለቅሶው ሟች ራሳቸው ናቸው ማለት ይቻላል። የሴት መነኩሲት መላጨት በሁሉም ዘንድ የተፈቀደ አልነበረም። ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ ለሴት መላጨት ነውር እንደሆነ ተናግሯል፤ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሰበሰበው የጋንግራ ጉባኤም በምናኔ ስም ፀጉሯን የምትቆርጥን ሴት አወገዘ። በዚያው ዘመን ማብቂያና በሚቀጥለው መቶ ዓመት መጀመሪያ የኖረው የላቲኑ የቤተ ክርስቲያን አባት ሄሮኒሞስ ግን በግብፅና በሶርያ ገዳማት ደናግልና መበለቶች በእመ ምኔቷ ፊት ፀጉራቸውን መቆረጣቸው የተለመደ እንደሆነ ይጽፋል። የእኛ ምንኩስና ሥሩ የግብፅ በረሃ ነው፤ የአባ እንጦንስና የአባ ጳኩሚስ። እማሆይ የተከተሉት መንገድ ከጋንግራ ይልቅ ለእስክንድርያ ይቀርባል።

ግን ደግሞ የእኛው ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ከራስ እስከ እግር በፀጉር ተሸፍነው ቆመዋል። ባሕታዊው ፀጉሩ እስኪንጨባረር ይተወዋል። አሮጊቷ መነኩሲትና ባሕታዊው በአንድ ደጀ ሰላም ጎን ለጎን ቢቀመጡ አንዷ ምንም የላትም፣ አንዱ ሁሉንም ተሸክሟል፤ የሚሉት ግን አንድ ነው፦ ማበጠሪያና መስታወት ከእንግዲህ አያስፈልገኝም። ቅድስና በፀጉር መጠን የሚለካ ቢሆን ከሁለቱ አንዳቸው በሐሰት ተቀምጠዋል ማለት ነው።

ወደ ምሥራቅ ስንሄድ የቡድሃ መነኮሳት ይህን ነገር ወደ ደንብ አድርሰውታል፦ ፀጉር ከሁለት ጣት በላይ አይረዝምም፣ ከሁለት ወር በላይም ሳይላጭ አይቆይም። ታይላንድ ውስጥ ቅንድብም አይቀርም። ወጣቱ ከመመንኮሱ በፊት የመጀመሪያዋን ዘለላ ወላጆቹ ይቆርጡለታል፤ የወደቀው ፀጉር በሎተስ ቅጠል ይያዛል። ሥርዓቱን ሲቀበል መምህሩ አምስት ነገሮች አስጠንቶ እንዲያሰላስልባቸው ያደርጋል፦ የራስ ፀጉር፣ የገላ ፀጉር፣ ጥፍር፣ ጥርስ፣ ቆዳ። ሰው ሌላውን ሲያይ የሚያየው እነዚህን አምስቱን ብቻ ነውና፣ ከመጀመሪያው እንጀምር ማለት ነው።

በደቡብ ሕንድ በአንድራ ፕራዴሽ ያለው የቲሩማላ ቤተ መቅደስ ግን ሌላ ዓለም ነው። በዚያ ፀጉር የሚሰጠው ለአምላክ በስእለት ነው፤ መነኩሴ መሆን አያስፈልግም፤ ባል፣ ሚስት፣ ሕፃን ተሰልፈው ይላጫሉ፤ ነገ ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። አፈ ታሪኩ እንደሚለው አምላኩ ቬንካቴስዋራ በእረኛ ተመትቶ ራሱ ላይ ፀጉር የማይበቅልበት ቦታ ቀረ፤ ኒላ ዴቪ የተባለች ልዕልት ከራሷ ቆርጣ ተከለችለት፤ እርሱም ምእመናን የሚሰጡት ፀጉር ሁሉ የእርሷ ይሁን አለ። ዛሬ ያን ፀጉር ቤተ መቅደሱ በጨረታ ይሸጠዋል። ከዚያ ወደ ዊግ ሠሪዎች፣ ከዚያ ወደ ዓለም ገበያ ይሄዳል።

በ2004 ይህ ንግድ ያልታሰበ እሳት አስነሣ፤ እሳት ስል ምሳሌ አይደለም። ያገቡ የኦርቶዶክስ አይሁድ ሴቶች ፀጉራቸውን በዊግ ይሸፍናሉ። የኢየሩሳሌሙ ታላቅ ረቢ ዮሴፍ ሻሎም ኤልያሺቭ ከሕንድ ቤተ መቅደስ የመጣው ፀጉር ለጣዖት የቀረበ መሥዋዕት ስለሆነ አይለበስም ብለው ፈረዱ። በብሩክሊንና በኢየሩሳሌም ሴቶች ውድ ውድ ዊጎቻቸውን አውጥተው አደባባይ ላይ አቃጠሉ። ለአንዲት ሕንዳዊት ስእለት የነበረው፣ ለነጋዴው ሸቀጥ፣ ለአንዲት አይሁዳዊት ልከኝነት የነበረው ያው ዘለላ በአንድ ቀን ርኩሰት ሆነ። በአዲስ አበባ ፀጉር ቤቶች «የሕንድ ሂውማን ሄር» ተብሎ የሚሸጠውን ስንገዛ ከየትኛው ራስ፣ በየትኛው ስእለት እንደወረደ የሚጠይቅ የለም። ሙሽራዋ እንደ ሳዱላ ዘመኗ ፀጉሯን አትቀንስም፤ የሌላ ሰው ስእለት ትጨምርበታለች።

በእስልምና የሐጅ መላጨት ደግሞ መዝጊያ ነው። ሐጃጁ በኢሕራም (በሐጁ የክልከላ ሁኔታ) ላይ ሳለ ከሰውነቱ ፀጉር አይቆርጥም፤ በዙልሒጃ 10ኛው ቀን ሚና ላይ ሲላጭ ወይም ሲያሳጥር ከክልከላው አብዛኛው ይነሣለታል። ነቢዩ ሙሐመድ ለተላጩት ሦስት ጊዜ፣ ላሳጠሩት አንድ ጊዜ ምሕረት እንደለመኑ በሐዲስ ተመዝግቧል፤ ሴቶች የጣት ጫፍ ያህል ብቻ ይቆርጣሉ። ሕፃን በተወለደ በ7ኛው ቀን በአቂቃው (ለልጁ በሚታረድበት ሥርዓት) ፀጉሩ ተላጭቶ በክብደቱ ልክ የብር ማዕድን ለድሆች መስጠትም ሱና ነው። የሕፃን ፀጉር ምን ያህል ይመዝናል? ከምንም አይቆጠርም፤ ግን ይመዘናል።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 6 የናዝራዊ ሕግ ተጽፏል፦ ለእግዚአብሔር የተሳለ ሰው የስእለቱ ጊዜ እስኪፈጸም ምላጭ በራሱ ላይ አያልፍም፤ ሲፈጸም በመገናኛው ድንኳን ደጃፍ ይላጫል፣ ፀጉሩም ከመሥዋዕቱ በታች ባለው እሳት ላይ ይጣላል። ሐዋርያው ጳውሎስም ስእለት ስለነበረበት በክንክራኦስ ራሱን ተላጭቷል። ናዝራዊው ፀጉሩን የሚሰጥበትን ቀንና ቦታ ያውቃል። ሶምሶንም ናዝራዊ ነበር፤ እርሱን ግን ተኝቶ ሳለ ላጩት።

ይህችን ምዕራፍ የሕይወታቸው ሕግ ካደረጉት መካከል ከራስ ተፈሪ ስም ስማቸውን የወሰዱት ራስተፈሪያውያን አሉ። በ2020 በአሜሪካ ሉዊዚያና ግዛት አንድ የዚህ እምነት ተከታይ የአምስት ወር እስራት ሊፈጽም ሦስት ሳምንት ሲቀረው ወደ ሌላ ወህኒ ቤት ተዛወረ። ፀጉሩን ወደ ሃያ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ አልቆረጠም። የራስተፈሪያውያንን ፀጉር በግድ መቁረጥ ሕግ መጣስ ነው የሚል የ2017 የይግባኝ ፍርድ ቤት ውሳኔ ቅጂ ይዞ ነበርና ለጠባቂው ሰጠው። ጠባቂው ወረቀቱን ቅርጫት ውስጥ ጣለው። ከዚያ እስረኛውን ከወንበር ጋር በካቴና አስረው እስከ ቆዳው ላጩት።

ከተፈታ በኋላ ከሰሰ። የታችኞቹ ፍርድ ቤቶች ድርጊቱን ነቀፉ፤ ነገር ግን የ2000ው የእስረኞች ሃይማኖት ነፃነት ሕግ ባለሥልጣናትን በግል የገንዘብ ካሣ ለመጠየቅ አያስችልም አሉ። ጉዳዩ ወደ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በኖቬምበር 2025 ክርክሩ ተሰማ። ዳኞቹ ፊት የቀረበው ጥያቄ ስለ ካሣ ነበር። በጥበቃው በኩል ቢጠየቅ የተደረገው የንጽሕና ጉዳይ፣ ተራ የእስረኛ አላጫጭ ነው ሊባል ይችላል። ግን ፎቶግራፉን ብቻ ቢያዩ የተላጨ ራስ ነው፤ ከቡድሃ መነኩሴ፣ ከሐጂ፣ ከእማሆይ አይለይም።

በ1944 ፈረንሳይ ነፃ ስትወጣ ከጀርመኖች ጋር ወዳጅነት አድርጋችኋል ተብለው 20,000 ያህል ሴቶች በአደባባይ ተላጭተዋል፤ ሕዝቡም ይስቅ ነበር። በኤል ሳልቫዶር በ2023 የተከፈተው ትልቁ ወህኒ ቤት ራሳቸውን የተላጩ፣ ነጭ ቁምጣ ብቻ የለበሱ እስረኞችን ተደርድረው አጎንብሰው የሚያሳይ ፊልም መንግሥት ራሱ አሠራጨ፤ በመጋቢት 2025 ከአሜሪካ የተላኩ ከ200 በላይ ቬኔዝዌላውያን ሲላጩ የሚያሳየውም እንዲሁ። ካሜራው ሆነ ብሎ የሚቀርበው ወደ ምላጩ ነው። ፊት አይታይም፤ የተላጨ ራስ ረድፍ ብቻ። የአምስተኛው ካርታ ሁለት መነኮሳትም ፊት እንደሌላቸው ያስታውሷል።

ለዚህ ነው ዛሬ ታሮት አንባቢዎች ስለ መላጨት ሲጠየቁ የሚሰጡትን መልስ ቀላል ሆኖ የማገኘው። «አሮጌውን መተው»፣ «ነፃ መውጣት»፣ «አዲስ ጅማሬ» ይላሉ። ዌይት ራሱ ከእነርሱ ይሻል ነበር። ለአምስተኛው ካርታ ከጻፋቸው ትርጉሞች ጋብቻና ኅብረት ይቀድማሉ፤ ወዲያው ምርኮና ባርነት ይከተላሉ፤ ከዚያም ምሕረት። አንዱን ከሌላው ሳይለይ ደርድሯቸዋል። በካርታው ላይ የተንበረከኩት ሁለቱ በፈቃዳቸው ይሁን በሌላ እጅ የተላጩት አይታወቅምና አለመለየቱ ልክ ነው። የአክስቴ ልጅ ስልክ ግን ከዚያ ሁሉ የመረጠላት «ጋብቻ ቀርቧል» የሚለውን ነው፤ መቼም ከማያገቡ ከሁለት መነኮሳት!

ለእማሆይ ነገርኋቸው። ሳቁና ወደ ልጅቷ ዞረው፣ «ታዲያ መሃሉን አሳድጊዋ» አሏት።

የዚያን ዕለት ማታ የመላጫቸው ቀን ነበር። ቆባቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩ፤ እኔ ሳሙናውን በጠበጥሁ። ሁለት ሳምንት ያደገው ፀጉር እንደ ጤፍ ቡቃያ አጭርና ነጭ ነው። ከግንባር ወደ ኋላ ጀመርሁ። መሃል ራሳቸው ላይ ስደርስ እጄን በእጃቸው ያዙና ጣቴን ትንሽ ወደ ግራ ወሰዷት፤ የቆየ ጠባሳ አለ፤ እናታቸው ሳዱላ ሲላጯቸው ምላጩ የሳተበት።

«እዚህ ጋ ቀስ በይ» አሉኝ።